«ሥራ» የምትለዋን ቦታ አትለፏት

ግልጽ ደብዳቤ

በጎንደር ከተማ መታወቂያ ለምትሰጡ፣ ካርድ ለምታወጡ፣ ፎርም ለምትሞሉና በመስኮት ስም ለምትጠሩ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ከረማችሁ?

የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ጠባብ ቦታ ነው። መታወቂያው ላይ አለች። የሕክምና ካርዱ ላይ አለች። የብድር ፎርሙም፣ የተማሪ መመዝገቢያውም አይዘላትም። «ሥራ» ትላለች፣ አንዳንዴም «ሙያ»። አንዳንዶቻችሁ ባዶዋን ትተዋታላችሁ። አብዛኞቻችሁ «የግል» ብላችሁ ታልፏታላችሁ። ባለጉዳይዋ ሴት ከሆነች ደግሞ ሳትጠየቅ «የቤት እመቤት» ይጻፍላታል። እኔ የምለምናችሁ ይቺን ቦታ በትክክል እንድትሞሏት ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ታገሱኝና ላስረዳ።

ከቢሮ በር አጠገብ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ። ስሜ ፋሲል ነው። ጎንደር ውስጥ ፋሲል መባል ምን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። ግንቡ የፋሲል ነው። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው ቡድናችን ፋሲል ከነማ ነው። ስታዲየሙ ፋሲለደስ፣ ትምህርት ቤቱ ፋሲለደስ። ጥምቀት የምናከብርበት መዋኛም የእሳቸው ነው። በ1628 ዓ.ም. ግድም ከተማዋን የመሠረቱት ንጉሥ ስማቸውን ለሁላችን አከፋፍለው ነው ያለፉት። ፒያሳ ላይ ቆማችሁ «ፋሲል!» ብላችሁ ተጣሩና እዩ። ባጃጅ የሚነዳው ይዞራል። ነርሱም ይዞራል። ፈረንጅ የሚያስጎበኘውም፣ ቆርቆሮ የሚሸጠውም ይዞራል። እኔም ከሱቄ አንገቴን ብቅ አደርጋለሁ።

«የአባት ስም ይጨመርበታ» ትሉኝ ይሆናል። በጄ፣ እንጨምርበት።

ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የጸጥታ ሹም ነበሩ። በታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ገብተው ሕይወታቸው አለፈ። ዶክተር ወርቅነህ ገበየሁ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት፣ ኋላም የኢጋድ ዋና ጸሐፊ የሆኑት ናቸው። ስም ከነአባቱ አንድ ነው፣ ፊደል አይጎድልም። ስልሳ ዓመት ገደማ ስለሚያራርቃቸው ማንም አይምታታበትም። በአንድ ዘመን፣ በአንድ ቀበሌ ኖረው ቢሆን ግን ያንዱ ደብዳቤ በሌላው ቤት መግባቱ አይቀርም ነበር።

ካሳ ኃይሉንም ውሰዱ። አንዱ የቋራው ካሳ ነው፣ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠው። ሌላው ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉ ናቸው። የሸዋ መስፍን ናቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሰሜን ግንባር ጦር መርተዋል። ስደታቸውን ኢየሩሳሌም አሳልፈዋል። አንዱ ከሽፍትነት ተነሥቶ ዙፋን ላይ ወጣ። ሌላው ዙፋን አጠገብ ተወልደው ዙፋን ሲያገለግሉ አረጁ። ከቴዎድሮስ ዘመን ሳንርቅ ደግሞ ካሳ ምርጫ አሉ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የተባሉት። ስለ ሁለቱ ነገሥታት ሲወራ «ካሳ እንዲህ አለ» የሚል የሰማ ሰው የቱ ካሳ እንደሆነ በምን ይወቅ? በፈረስ ስም ነው። አባ ታጠቅ ካሳ ሲሉት የቋራው፣ አባ በዝብዝ ካሳ ሲሉት የትግራዩ።

የእኛዎቹ የጎንደር ነገሥታትም በስም ብቻ አልተማመኑም። ፋሲል ዓለም ሰገድ ተባሉ። ልጃቸው ዮሐንስ አእላፍ ሰገድ፣ የልጅ ልጃቸው ኢያሱ አድያም ሰገድ። ንጉሥ እንኳ መለያ ካስፈለገው ፋሲል ባጃጁስ? እሱ ፈረስ የለው። ያለው ሥራው ነው።

ደግሞ አስተውሉ፣ ሕዝቡ ይህን ጥንቱንም አውቆታል። ማንም ጎንደሬ «ፋሲል ደበበ» አይልም፤ «ፋሲል ባጃጁ» ይላል። «አስቴር ፀጉር ሠሪዋ» ይላል። «ቴዎድሮስ ጎሚስታው» ይላል። እኔንማ «ፋሲል ኮፒ» ነው የሚሉኝ። መጀመሪያ አናዶኝ ነበር፣ አሁን ስልኬም ላይ እንደዚያ ብዬ ነው የምመልሰው። ሰፈሩ በነፃ የሠራውን ሥራ ቢሮ ሲገባ ታፈርሱታላችሁ። «ባጃጁ» ትቀርና «ፋሲል፣ ሥራ፦ የግል» ትሆናለች። ቆርቆሮ የሚሸጠውም የግል። እኔም የግል። ተለይተን የመጣን ሰዎች ከመስኮታችሁ ስንወጣ አንድ ሆነን ነው።

አሁን ወደምወደው ምሳሌ ልውሰዳችሁ። መንግሥቱ።

በአንድ ትውልድ ውስጥ አራት መንግሥቱዎች ነበሩን። አራቱንም አገር ያውቃቸዋል። የመጀመሪያው ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ናቸው፣ የክቡር ዘበኛ አዛዥ። የ1953ቱን ግልበጣ የመሩት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው መንግሥቱ ለማ ናቸው፣ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት፤ ለንደን ተምረው መጥተው አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያስቁ የኖሩ። ሦስተኛው መንግሥቱ ወርቁ ነው፣ የቅዱስ ጊዮርጊስና የብሔራዊ ቡድን አጥቂ። አራተኛው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ናቸው። ስለሳቸው ብዙ አልልም፣ ቤተሰቡ ውስጥ የሚያወራው የሌለው ሰው የለም። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ ሄዱ።

ይህን ስሙልኝ። መጋቢት 1953 ላይ ጄኔራል መንግሥቱ አዲስ አበባ ውስጥ በስቅላት ተቀጡ። ዓመት ሳይሞላ፣ ጥር 1954 ላይ፣ እዚያው አዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች። በተጨማሪው ሰዓት የመጨረሻዋን ጎል ያገባው መንግሥቱ ነው፣ መንግሥቱ ወርቁ። በአፍሪካ ዋንጫ በጠቅላላው 10 ጎል አለው። ያው ስም በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ከስቅላት እንጨት ተነሥቶ በስታዲየም ጭብጨባ ውስጥ ገባ። ስሙን የሰጡት አባቶች ግን ሁሉም ለልጃቸው ያው አንድ ነገር ተመኝተው ይሆናል። አንዱ መሣሪያ ያዘ፣ አንዱ ብዕር፣ አንዱ ኳስ፣ አንዱ አገር። አሁን እነዚህን አራት ሰዎች እናንተ ፎርም ላይ ብትሞሏቸው ምን ትጽፉ ነበር? ሁለቱን «ወታደር»። ገጣሚውንና ኳስ ተጫዋቹን ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ «የግል» ትሏቸው ነበር።

ኃይሌንም ልጨምር፣ አንዱ የኛው ልጅ ስለሆነ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ 10 ሺህ ሜትርን በወርቅ የጨረሰው ነው። ኃይሌ ገሪማ ደግሞ ጎንደር ተወልደው አሜሪካ የሄዱት ናቸው፤ እዚያ ፊልም እየሠሩ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ኖረዋል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት የአባትን ስም በመጀመሪያ ፊደል ብቻ ይጽፋል። ታዲያ ሁለቱም «ኃይሌ ገ.» ሊሆኑ ነው! አንዱ ሩጫ፣ አንዱ ካሜራ። ሴቶቹም ዘንድ እንዲሁ ነው። መሰረት ደፋር በአቴንስና በለንደን 5 ሺህ ሜትርን ያሸነፈችው፣ መሰረት መብራቴ ተዋናይዋ።

ሐኪም ወርቅነህን ሳልጠቅስ ባልፍ ጎንደር ትታዘበኛለች። ወርቅነህ እሸቴ እዚህ ነው የተወለዱት። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ገቡ። ሕንድ አደጉ። እዚያም ሕክምና ተምረው በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሆኑ። ያሳደጓቸው ሰዎች ቻርልስ ማርቲን ብለዋቸው ነበር። አገራቸው ሲገቡ ሕዝቡ ምን አላቸው? ሐኪም ወርቅነህ። ከስማቸው በፊት የቆመው ሥራቸው ነው። ከኮሎኔሉም ከዶክተሩም የሚለያቸው ይኸው ነው። በኋላ አምባሳደርም ሆነው ለንደን ተቀምጠዋል፤ ሰው ግን ሐኪምነታቸውን አልነጠቃቸውም።

የእኔ ነገር ትንሽ ነው፣ ግን ልንገራችሁ። አንድ ቀን መጥሪያ መጣልኝ። ስሙ የኔ ነው፣ የአባቴም ስም ትክክል ነው። ክሱ ግን ስላልተጠናቀቀ የግንባታ ሥራ ነው። እኔ ደግሞ ከወረቀት ሌላ ምንም አልገነባሁም። ከቢሮ ቢሮ ተመላለስኩ። የምሰማው መልስ «ስሙ ያንተ አይደለም እንዴ?» የሚል ነው። ስሙማ የኔ ነው። መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ ከውስጥ የድሮውን ፋይል አውጥታ አየችና «እሱ ሥራ ተቋራጭ ነው፣ አንተ ምንድን ነህ?» አለችኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ አልኳት። በዚያችው ደቂቃ አለቀ። ፋይሉ ላይ «የግል» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬም እዚያ ነበርኩ። የዚያችን ልጅ ስም አላወቅኩም እንጂ አመሰግናት ነበር። መጥሪያ ነውና በደኅና ተረፍኩ። የላቦራቶሪ ውጤት ቢሆንስ? ኬላ ላይ የሚፈለግ ሰው ስም ቢሆንስ? እሱን ለእናንተ ሐሳብ ትቼዋለሁ።

ጥፋቱ ሁሉ የመስኮቱ ነው ማለቴ አይደለም። ባለጉዳዩም ሥራውን ይደብቃል። ለምን እንደሚደብቅ ደግሞ ጎንደር ውስጥ የኖረ ያውቃል። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን። ወለቃ ላይ ማረሻ ይቀጠቅጡልን፣ ጀበና ይሠሩልን የነበሩ ቤተ እስራኤሎች ከእጃቸው ሥራ የተነሣ ቡዳ ሲባሉ ኖረዋል። በማረሻቸው አርሰን፣ በጀበናቸው ቡና ጠጥተን ስናበቃ! ዐፄ ቴዎድሮስ እንኳ ከዚህ አላመለጡም። ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ ብለው ሰደቧቸው። እናትየው ኮሶ ሸጠው ልጅ ማሳደጋቸው ስድብ ሆነ። የአየር ማረፊያችን ስም ዛሬ ዐፄ ቴዎድሮስ ነው፤ የኮሶ ሻጭ ልጅ ፎርም ሲሞላ ግን አሁንም የእናቱን ሥራ ያፍርበታል። «የግል» የምትለዋ ቃል ለብዙ ሰው መሸሸጊያ ናት። ይገባኛል። ግን መሸሸጊያውን የምትሠሩለት እናንተ አትሁኑ።

የሴቶቹ ግን ከዚህ ይብሳል። ሱቄ ፎርም ሊያስሞሉ ከሚመጡ እናቶች ጋር የማወራው ሁሌ እንዲህ ነው።

«እማማ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ሥራ የለኝም ልጄ።»

«ጠላ ይጠምቁ የለም እንዴ?»

«እሱማ ድሮም።»

«ፈትልስ?»

«እፈትላለሁ እንጂ። ለሸማኔ እሰጣለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ሥራ የለኝም ይላሉ?»

«ደሞዝ የለውማ!»

ይኸውላችሁ። ጠላ ጠምቃ፣ ጥጥ ፈትላ፣ እንጀራ ሸጣ ልጆቿን ዩኒቨርሲቲ ያስገባች ሴት መታወቂያዋ ላይ ምንም አትሠራም። አንዷ አስቴር ጥልፍ ትጠልፋለች፣ አንዷ አስቴር አራዳ ገበያ በርበሬ ታስፈጫለች፣ አንዷ አስቴር በእርግጥም ቤቷን ብቻ ታስተዳድራለች። ሦስቱም «የቤት እመቤት»። ጎንደር የተወለደችው አስቴር አወቀ ዘፋኝ ሆና ዓለም ባያውቃት ኖሮ እሷም አራተኛዋ ነበረች።

አሁን የሚነሣውን ክርክር አውቀዋለሁ። «ፋይዳ መጣ፣ ምን ቀረ?» ትሉኛላችሁ። ፋይዳ መልካም ነገር ነው። እኔም አውጥቻለሁ። አሻራና የዓይን ብሌን ይዞ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል። ሕጉም በ2015 ዓ.ም. ወጥቷል፣ አዋጅ ቁጥር 1284። ለኮምፒውተር እኔ ከእንግዲህ ከሥራ ተቋራጩ ጋር አልምታታም። እናንተ ግን ወረፋ ስትጠሩ ቁጥር አትጠሩም፤ «ፋሲል!» ነው የምትሉት። ቁጥሩን የሚያነበው ማሽን ነው፤ ፋይሉን የሚያወጣው፣ መጥሪያውን የሚያደርሰው፣ ስልክ የሚደውለው ሰው ነው። ሰው ደግሞ ሰውን የሚያውቀው በስሙና በሥራው ነው። ፋይዳ ሥራ አይጠይቅም። ስለዚህ የናንተ ፎርም ካልጠየቀ የሚጠይቅ የለም።

ሌላው ክርክር «ሥራ ይለዋወጣል» ነው። እውነት ነው። ከተመረቀ ዓመታት አልፈውት መታወቂያው ላይ «ተማሪ» የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ፣ አንዱ ራሱ መምህር ነው። መታወቂያ ሲታደስ የቤት ቁጥሩን ትጠይቃላችሁ አይደል? ሥራውንም አብራችሁ ጠይቁ። ሁለት ሥራ ያለው ካለ ሁለቱንም ጻፉ። ጠዋት የሚያስተምር፣ ማታ ባጃጅ የሚነዳ ሰው በዚህ ኑሮ ውድነት ብርቅ አይደለም።

የአያት ስምንም እባካችሁ አትቁረጡ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም ይኖረዋል ይላል። ስልሳ ዓመት አልፎታል። የቤተ ዘመድ ስም ያለው ሰው እስካሁን ሱቄ አልመጣም። ያለን የአያት ስም ብቻ ነው። እሱንም «ቦታ አነሰ» ተብሎ ስንቀማ ያናድዳል። ኃይሌን አንዱ ወረቀት ላይ በ«ሀ»፣ ሌላው ላይ በ«ኃ» መጻፍም ይቅር። ለእናንተ ያው ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰው ነው። ጣጣው የሚመጣው ደግሞ ከናንተ አልፎ እኔ ጋ ነው፤ «የስም ማስተካከያ ማመልከቻ» ብለው ተሰልፈው ይመጣሉ። ገበያ አገኘሁ ብዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ግን አይለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠንቀቅ። ሥራው ይጻፍ አልኩ እንጂ በመስኮት ይጮህ አላልኩም። ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ «ፋሲል ሊስትሮው!» ተብሎ መጠራት ማንም አይፈልግም፣ ሥራው ምንም ነውር ባይኖርበት። ስትጠሩ ከነአያት ጥሩ። ሁለት ሰው ከተነሣ ጠጋ አድርጋችሁ በዝግታ ጠይቁ። መዝገቡ ላይ ያለው ለናንተ ዓይን ይበቃል።

ስትጽፉም ሰውየው ራሱ የሚለውን ጻፉ። «የግል» ካላችሁ «ምን የግል?» ብላችሁ አንዴ ጨምሩ። ልብስ ሰፊ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ደብተራ፣ ደላላ፣ ጥልፍ ጠላፊ፣ ፈታይ፣ ሥራ ፈላጊ። ሥራ መፈለግም ከባዶ ቦታ ይሻላል። ፎርሙ ላይ ቦታዋ ጠባብ ከሆነች ሰፋ አድርጋችሁ አሳትሙ። ዲዛይኑን ከፈለጋችሁ እኔ በነፃ እሠራላችኋለሁ፣ የወረቀቱን ግን እናንተ ትችላላችሁ።

ሱቄ ለምትመጡ ደንበኞቼም አስቀድሜ ልናገር። ከሰኞ ጀምሮ ሥራችሁን ሳልጠይቅ ፎርም አልሞላም። ወረፋው ሊረዝም ይችላል፣ አትቀየሙኝ። «የግል» ብሎ ሊያልፈኝ ለሚፈልግም ወንበር አለኝ፣ ቁጭ ብሎ ያስባል።

ከአክብሮት ጋር
ፋሲል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት
ጎንደር